«ክሱን አሰርዛለሁ» ይለኛል፦ የሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማታለል ክስን መቼ ያጠፋል?

ጥያቄው ከዱባይ ነው የመጣው። ጠያቂዋ ነጋዴ ናት። አሳጥሬ ላቅርበው፤ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አህመዳባድ ካለ ፋብሪካ የጀሪካን መሥሪያ ማሽን በ62,000 ዶላር አዘዝኩ። ኖቬምበር 2024 ላይ ቀብዱን፣ 24,800 ዶላር፣ በባንክ ላክሁ። ከመላኬ በፊት ማሽኑ ተሠርቶ አልቋል ብለው ፎቶውን ከነሴሪ ቁጥሩ ልከውልኝ ነበር። ፌብሩዋሪ 2025 ይጫናል የተባለው ሦስት ጊዜ ተራዘመ። በኋላ አንድ የናይሮቢ ነጋዴ ያንኑ ፎቶ፣ ያንኑ ቁጥር አሳየኝ። ማሽኑን እኔ ከመክፈሌ 4 ወር በፊት ገዝቶ ወስዶታል! አህመዳባድ ሄጄ ለፖሊስ አመለከትኩ፣ መዝገብ ተከፈተ። አሁን ሥራ አስኪያጁ ‹ይህ የንግድ ውል ነው፣ ወንጀል አይደለም፤ ውሉ ላይም በግልግል እንጨርሳለን የሚል አንቀጽ አለ› ብሎ ለጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱ እንዲሰረዝለት አመልክቷል። መጥሪያ ደርሶኛል። በጎን ደግሞ ግማሹን ልመልስልሽና ፈርሚልኝ እያለ ይደውላል። ለመሆኑ ፍርድ ቤት አንድ ምስክር እንኳ ሳይሰማ ክስ ማጥፋት ይችላል? ልፈርምለት?»

አይዞሽ እህቴ። መጥሪያ ደረሰሽ ማለት ጉዳዩ ሞተ ማለት አይደለም። አጭሩ መልስ፦ ፍርድ ቤቱ ማጥፋት ይችላል፤ አንቺ በነገርሽኝ ዓይነት ነገር ላይ ግን እጁ ቶሎ አይፈታም። ለመፈረሙ ደግሞ አትቸኩዪ። ረጅሙን መልስ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

ስሙ እንዳያሳስትሽ። እኛ አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲባል ከመጀመሪያ ደረጃው በላይ፣ ከጠቅላዩ በታች ያለው መካከለኛው ነው። ሕንዶች ሃይ ኮርት የሚሉት ግን የክልሉ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ነው። በአገሪቱ 25 ሃይ ኮርቶች አሉ። ከነሱ በላይ ዴልሂ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የጉጃራት ክልሉ የሚቀመጠው እዚያው አህመዳባድ ነው።

ክስን በእንጭጩ የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ይህ ፍርድ ቤት ነው። ሥልጣኑ በጽሑፍ ሕግ ውስጥ የገባው በ1923 ነው። በ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 482 ሆኖ ስለኖረ ይህ ቁጥር ከሕንድ ጠበቆች አፍ አይጠፋም። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ በአዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 528 ሆኗል። አንቀጹ አነጋገሩ ይገርማል። «ይህን ሥልጣን ሰጥቻለሁ» አይልም። «ፍርድ ቤቱ ከፍጥረቱ ያለውን ሥልጣን ይህ ሕግ አይነካበትም» ነው የሚለው። ሥልጣኑ የሚያገለግለው የሕጉን ትእዛዝ ለማስፈጸም፣ ፍርድ ቤት መጠቀሚያ እንዳይሆን ለመከላከል እና ፍትሕ እንዳይጓደል ነው። ሰፊ ነው፤ ስለሰፋም ዳኞቹ ራሳቸው ይፈሩታል።

ለኛ ሰው ይህ ትንሽ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ «ይሄ ፍትሐ ብሔር ነው» የሚል ተከሳሽ ክሱን ለሚያየው ችሎት መቃወሚያ ያቀርባል፣ አለዚያም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይመላለሳል። ሌላ ፍርድ ቤት በላይ በኩል መጥቶ ገና ያላለቀ የፖሊስ ምርመራ ሲያጠፋ አናይም። ስለዚህ መጥሪያውን ስታዪ «ተሸጠ፣ ነገሩ አለቀ» ብለሽ ብትደነግጪ አይፈረድብሽም። ግን ሕንድ ውስጥ በማታለል የተከሰሰ ነጋዴ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የሚያንኳኳው ይህንን በር ነው። የተለመደ ነገር ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን ሲያይ ማን እውነት ተናገረ ብሎ አይመረምርም። አንቺ ለፖሊስ ያልሽውን በሙሉ እውነት ነው ብሎ ይይዛል። ከዚያ ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ሁሉ እውነት ቢሆን ወንጀል ይወጣዋል? ካልወጣው ይሰርዘዋል። ከወጣው ሂዱና ለምስክር ሰሚው ችሎት ተናገሩ ይላል። ምስክር ሳይሰማ እንዴት ብለሽ ያልሽው ለዚህ ነው፤ ምስክር የሚያስፈልገው ነገር ከሆነ ስፍራው እዚህ አይደለም።

የዚህ ሁሉ መሠረት የሃርያና ክልል ዋና ሚኒስትር በነበሩት በብሃጃን ላል ስም የሚጠራው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የተወሰነው በ1990 ነው። ክስ የሚሰረዝባቸውን ሰባት ዓይነት ሁኔታዎች ዘርዝሯል፣ ሥልጣኑም ከስንት አንዴ ብቻ የሚሠራበት ነው ብሏል። የባለጋራሽ ጠበቃም ይህንኑ ውሳኔ ይዞ እንደሚመጣ አትጠራጠሪ። የሚያስቀው ነገር ግን በዚያ በራሱ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፖሊስ መዝገቡን አልሰረዘም። የሰረዘው ምርመራውን ነው፤ ያውም መርማሪው በቂ ሥልጣን አልነበረውም ብሎ። ለመሰረዝ ሲባል ዕለት ዕለት የሚጠቀሰው ውሳኔ መዝገቡን ያተረፈ ውሳኔ ነው።

ማታለል ምንድን ነው? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ጉዳይሽ የሚያልፈውም የሚወድቀውም እዚህ ነው። የሕንድ የወንጀል ሕግ እስከ 2024 የ1860ው ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ማታለል አንቀጽ 420 ነበር። ቁጥሩ ሕዝቡ አፍ ውስጥ ገብቶ ስድብ ሆኗል፤ ሕንድ ውስጥ ሰውን «ቻር ሶ ቢስ» ካልሽው «አራት መቶ ሃያ» ማለትሽ ነው፣ አጭበርባሪ አልሽው። ያንቺ ክፍያ የተፈጸመው ኖቬምበር 2024 ስለሆነ አዲሱ ሕግ አንቀጽ 318 ነው የሚመለከተው። ሰውን አታልሎ ንብረት እንዲያስረክበው ያደረገ እስከ 7 ዓመት እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል።

ሕጉ ከአንቀጹ ሥር ምሳሌዎች አሉት። አንዱን ልንገርሽ። አንድ ሰው ኢንዲጎ የሚባለውን የቀለም ተክል አቀርባለሁ ብሎ ከገዢው ቀብድ ይቀበላል፤ አያቀርብም። ቀብዱን ሲቀበል ለማቅረብ ሐሳቡ ካልነበረው አታልሏል። ሲቀበል ሐሳቡ ኖሮት በኋላ ግን ውሉን ካፈረሰ አላታለለም፤ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ብቻ ነው። ይህ ምሳሌ የተጻፈው በ1860 ነው። የተክሉን ስም አውጥተሽ «ማሽን» ብትይበት ያንቺው ታሪክ ነው። አዲሱ ሕግም እንዳለ ወስዶታል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ላይ ይወድቃል፦ ገንዘቡ ከባንክሽ በወጣበት ቀን። ያን ቀን ሰውየው የዋሸሽ ነገር ነበር ወይ? በ2000 የተሰጠ አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በመሬት ሽያጭ ጉዳይ ይህን አጥብቆ ተናግሯል። ውል ማፍረስና ማታለልን የሚለየው መስመር ቀጭን ነው፤ የሚለየው ከጥንስሱ የነበረው ሐሳብ ነው። በኋላ ቃሉን አለመጠበቁ ብቻውን ያን ሐሳብ አያሳይም።

ለዚህ ነው ለፖሊስ የሰጠሽውን ቃል ሳነብ ቅር ያለኝ። አራት ገጽ ጽፈሻል። ሦስቱ ገጽ ስለመዘግየቱ ነው። ስንት ጊዜ እንደደወልሽ፣ ስንት ጊዜ እንዳልመለሰልሽ፣ በስንት ቀን እንዳራዘመው፣ ደንበኛሽ እንዴት እንደሸሸሽ። አንጀት ይበላል። ለፍርድ ቤቱ ግን ይህ ሁሉ ከኖቬምበር በኋላ የሆነ ነው። እንዲያውም ሰውየው ሊገለብጠው ይችላል፦ «ሦስት ጊዜ ጊዜ ሰጠችኝ፤ ስትታለል የኖረች ሰው ጊዜ ትሰጣለች? የብረት ዋጋ ጨምሮብኝ ነው የዘገየሁት» ይላል። ፎቶው ደግሞ የት ነው ያለው? አራተኛው ገጽ ላይ፣ በሁለት መስመር።

እህቴ፣ ጉዳይሽ ፎቶው ነው። ተሽጦ የሄደን ማሽን «ያንቺ ነው፣ አልቋል» ብሎ ከላከልሽ፣ አንቺም ይህን አምነሽ ከከፈልሽ፣ ውሸቱ ከክፍያው በፊት ነው። የሴሪ ቁጥሩ አንድ መሆኑ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያው ከሕጉ ምሳሌዎች ሌላው፣ አንዴ የሸጠውን ርስት መሸጡን ደብቆ ለሌላ የሚሸጥን ሰው አታላይ ይለዋል። ለከፍተኛው ፍርድ ቤት የምትሰጪው መልስ ከዚህ ይጀምር። የስልክ ጥሪውን ቁጥር ተዪው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ስልክሽን ከፍተሽ አሁኑኑ እዪልኝ። ፎቶውን ሲልኩልሽ ከሥሩ የጻፉት ምንድን ነው? «ማሽንሽ ይህ ነው» ነው የሚለው ወይስ «ሞዴሉ እንዲህ ያለ ነው»? ፕሮፎርማው ላይስ «ፎቶው ለናሙና ብቻ ነው» የሚል በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የለም? ሁለተኛው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ፍርድ ቤቱ በመርህ ደረጃ የተከሳሹን መከላከያ በዚህ ደረጃ አይሰማም። ማንም የማይከራከርበት፣ አንቺም የማትክጂው ሰነድ ካመጣ ግን ያያል። በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ጉዳዩን ከወንጀል ወደ ውል ልትጎትተው ትችላለች። ለጠበቃሽም አትደብቂ፤ ከችሎት ይልቅ ከአንቺ ቢሰማው ይሻላል።

የግልግሉ አንቀጽ ግን አያስፈራሽ። በ1999 ትራይሰንስ ኬሚካል በሚባል ድርጅት ጉዳይ ቀብድ ተከፍሎ የተላከው የአኩሪ አተር ውጤት ጥራቱ የወረደ ሆነ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሉ ላይ ግልግል አለ ብሎ ክሱን አጠፋው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶ አስነሳው። ገላጋይ ዳኛ ወንጀል አይዳኝም፤ የሱ ነገር ካሣ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ ልብስ ላኪ ጀርመን ያለ ገዢው ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን አጓደለብኝ ብሎ ከሶ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት «ንግድ ነው» ብሎ ሰረዘበት። ጠቅላዩ አሁንም ሻረው፤ ብዙ ማታለል የሚፈጸመው እኮ በንግድና በገንዘብ ልውውጥ መሐል ነው አለ። ልክ ነው። አጭበርባሪ ገበያ ካልወጣ የት ይወጣል?

ተቃራኒውን ወገንም ማወቅ አለብሽ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጋዴዎች ዕዳ ለማስከፈል ፖሊስ ጣቢያ መሮጣቸው አንገሽግሾታል። በ2006 የኢንዲያን ኦይል ውሳኔ ይህን በግልጽ ተናግሯል። ጉዳዩ ይህ ነው፦ አንድ አየር መንገድ ለነዳጅ ዕዳው አውሮፕላኖቹን መያዣ ይሰጣል፤ ከዚያ ሞተራቸውን ይነቅላል። ፍርድ ቤቱ የፍትሐ ብሔር ክርክርን ወንጀል ማልበስ ይብቃ ብሎ ገሠጸ። በዚያው ብዕር ግን የማታለሉ ክስ ይቀጥል አለ። ሁለቱም ጠበቆች ያንኑ ውሳኔ ይጠቅሱታል፣ አንዱ ተግሣጹን፣ ሌላው ውጤቱን። ያንቺው ውጤቱን ያንብብላቸው።

መዝገቡ ላይ ፖሊሱ ሁለት አንቀጽ መጻፉንም አይቻለሁ፦ 318 ማታለል፣ 316 እምነት ማጉደል። ይህ ልማድ ነው፤ ብዙ ጣቢያ ሁለቱን እንደ ወጥና እንጀራ አጣምሮ ይጽፋል። በኦገስት 2024 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዴልሂ ሬስ ክለብ ጉዳይ፣ የፈረስ መኖ ሻጭ ያልተከፈለውን ዕዳ ይዞ በመጣበት፣ ይህን ነቅፎ ክሱን ሰርዟል። እምነት ማጉደል መጀመሪያ በቅን የተቀበሉትን አደራ በኋላ መብላት ነው። ማታለል ከመነሻው ማጭበርበር ነው። በአንድ ነገር ላይ ሁለቱ አብረው አይቆሙም። ያንቺ ቀብድ የዕቃ ዋጋ እንጂ አደራ አይደለም። ስለዚህ ጠበቃሽ 316ን ለማዳን ላብ ባያፈስ ይመረጣል። እሱ ይውደቅ፤ 318 ይቁም።

ደረጃውም ይረዳሻል። ምርመራው ገና አላለቀም። በኤፕሪል 2021 በኒሃሪካ ኢንፍራስትራክቸር ጉዳይ ሦስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ምርመራን በጅምሩ እንዳያደናቅፉ፣ «እስከዚያው ተጠርጣሪው አይነካ» የሚል ትእዛዝም ያለ ምክንያት በጅምላ እንዳይሰጡ አስጠንቅቀዋል። የሰውየው ጠበቃ መጀመሪያ የሚለምነው ይህን ትእዛዝ ነው። ያንቺው በዚያ ቀን ካልተገኘ ትእዛዙ በዝምታ ሊያልፍ ይችላል። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ ክስ ቢያቀርብም የመሰረዝ ማመልከቻው በዚያ ብቻ አይዘጋም፤ ግን ያኔ ማስረጃው ወፍሮ ይገኛል።

«የሚከራከረው መንግሥት ነው» ብለሽ ደግሞ ዱባይ እንዳትቀመጪ። በማመልከቻው ላይ 1ኛ ተጠሪ የጉጃራት ክልል ነው፣ 2ኛ ተጠሪ አንቺ ነሽ። የመንግሥቱ ጠበቃ በቀን ስንት መዝገብ ይዞ ነው የሚቆመው። ፎቶውን የሚያውቀው ያንቺ ሰው ነው። የግል ተበዳይ በየደረጃው የመሰማት መብት እንዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 አረጋግጧል።

በአካል መመላለስ የለብሽም። ለአህመዳባድ ጠበቃ ውክልና ትሰጫለሽ። ሌላ ሰው በስምሽ እንዲፈርም ጠቅላላ ውክልና የምትሰጪ ከሆነ ዱባይ ኖተሪ ፊት ፈርመሽ፣ አስፈላጊው ማኅተም ተመቶበት ይላካል፤ ሕንድ በገባ በ3 ወር ውስጥም የቴምብር ቀረጥ ይከፈልበታል። ይህን ቀን የሚረሳ ብዙ ነው። ችሎቱን ማየት ካማረሽ የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 ከሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ቀድሞ ችሎቱን በዩቲዩብ ማስተላለፍ የጀመረ ነው። ሱቅሽ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ።

ስልክሽን አትቀይሪ፣ ዋትሳፑንም አታጥፊ። በአዲሱ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 63 የኤሌክትሮኒክስ መረጃ ከማረጋገጫ ወረቀት ጋር ነው የሚቀርበው፤ አንዱን ክፍል ባለ መሣሪያው፣ ሌላውን ባለሙያ ይፈርምበታል። ስክሪንሾት አትሞ መስጠት ብቻ አይበቃም። ከናይሮቢው ነጋዴም የግዢ ሰነዱን ከአሁኑ ተቀበይው። ሰው ነውና ነገ ስልኩን ላያነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ፊርማው። ስምምነት ሕንድ ውስጥ ክስ ያጠፋል፣ እውነት ነው። በ2012 ጂያን ሲንግ በሚባለው ውሳኔ ሦስት ዳኞች እንዳሉት፣ ነገሩ በዋናነት የንግድ ወይም የገንዘብ ጠብ ሆኖ ተበዳዩ ከታረቀ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን መሰረዝ ይችላል። ግድያን፣ አስገድዶ መድፈርንና የመሳሰለውን አይጨምርም። ያንቺ ጉዳይ ግን ለዚህ ምቹ ነው፤ ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚደውለው።

እንድትፈርሚ የሚፈልገው ወረቀት «ተስማምቻለሁ፣ ክሱ ቢሰረዝ ተቃውሞ የለኝም» የሚል ቃለ መሐላ ነው። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ገብቶ ክሱ ከተሰረዘ በኋላ ገንዘቡ ቢቀር በሩን መልሶ ማስከፈት ከባድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ይቅደም። ባንክሽ ይግባ፣ አለዚያም ፍርድ ቤቱ ዘንድ ተቀማጭ ይሁን፤ ያኔ ትፈርሚያለሽ። «ቼክ እሰጥሻለሁ» ቢልሽ እሺ አትበዪ። ግማሽ መቀበል አለመቀበል ያንቺ ሒሳብ ነው፤ የዓመታት ክርክርና የጠበቃ ወጪ ቀላል አይደለም። እኔ ብሆን ግን የመጀመሪያ ዋጋውን አልቀበልም። የሚደውል ሰው የፈራ ሰው ነው።

አንተ ክፈል አለዚያ አስርሃለሁ የሚል መልእክት ግን በጭራሽ አትጻፊለት። ጽፈሽም ከሆነ ለጠበቃሽ ንገሪው። ከብሃጃን ላል ሰባት ሁኔታዎች የመጨረሻው ክሱ ለበቀል ወይም በክፋት የመጣ መሆኑ ነው። አንዲት የንዴት መልእክት ከፎቶሽ አጠገብ ተቀምጣ ስትነበብ አያምርም።

ተሳክቶለት ቢሰረዝስ? ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምታመለክቺበት 90 ቀን አለሽ። ገንዘብሽም አብሮ አልተሰረዘም። ክሱ የጠፋው ወንጀል አይደለም ተብሎ ከሆነ ሰውየው ራሱ «ውል ነው» ብሎ ያመነበት ወረቀት በእጅሽ ነው፤ ይዘሽ ወደ ግልግሉ ወይም ወደ ንግድ ችሎት ትሄጃለሽ። የውጭ ዜጋ መሆንሽ አያግድሽም። ግን ልብ በዪ፣ የዚህ የፍትሐ ብሔር ጥያቄ ይርጋ 3 ዓመት ነው፤ የወንጀሉ መዝገብ መከፈቱ አያቆመውም። ፌብሩዋሪ 2025 መጫን የነበረበት ማሽን ጥያቄ ፌብሩዋሪ 2028 ላይ ይዘጋብሻል። ጠበቃሽ የግልግሉን ማስታወቂያ ከወንጀሉ ጎን ለጎን ከአሁኑ እንዲልክ ንገሪው። ፎቶው ሥር የተጻፈውን ደግሞ ዛሬ ማታ አይተሽ ጻፊልኝ።